ጎረቤቴና መንጋጋዬ

ክብርት ጎረቤቴ የቀሚስ ጠርዝ እያጠፉ ነበር፤ መርፌው በአንድ እጃቸው፣ ጨርቁ በሌላው። እንደ ልማዳቸው ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ሁሉንም ጣል አደረጉና አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አንስተው ጉንጬን ለኩ። «ይበቃል፤ ቦታ አለ» አሉ። ልብስ ሰፊ ናቸው እንጂ ሐኪም አይደሉም። ግን ሳይማር የተመረቀ ሐኪም የሌለበት ሰፈር የት አለ?

እኔ የፈለግኩት ቀላል ነገር ነበር። የፊት ጥርሴ ከወለቀ ወዲህ አፌን በመዳፌ ሸፍኜ ነው የምስቀው። የልጅ ልጄ፣ «እማማ፣ ሳቅሽን ለምን ትደብቂዋለሽ?» ስትለኝ ስለ ጥርስ ተከላ ልጠይቅ ወሰንኩ። ጥፋቴ ለጎረቤቴ መንገሬ ነው።

«እኔን ጠይቂኝ!» አሉ። ይህን ሳይሉ ውለው አያውቁም። «ጥርስ ማለት አዝራር ነው። ያ የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ በመርፌ ቁልፍ እንደተያዘ ቁጠሪው፤ ስታስነጥሺ ሾርባሽ ውስጥ ነው። የተተከለው ግን በደንብ የተሰፋ ነው።»

ክሊኒክ ድረስ ተከትለውኝ መጡ። ወጣቱ ሐኪም ራጄን ብርሃን ላይ አድርጎ እያየ፣ «እማማ፣ ስኳር አለብዎት?» አለኝ።

«የለባትም!» አሉ ጎረቤቴ።

«ያጨሳሉ?»

«እሷ? የክብሪት ጭስ እንኳን ያስላታል!»

«እሳቸውን እኮ ነው የጠየቅኩት።»

ከዚያ አስረዳኝ። ትንሽ ብሎን መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባል። አጥንቱ አጥብቆ እስኪይዘው ጥቂት ወራት ይጠበቃል፤ ከዚያ በላዩ ጥርሱ ይገጠማል። ድልድይ የሚሉት፣ በጎን ጥርሶች ላይ የሚደገፈው፣ ይፈጥናል፤ ግን ግራና ቀኝ ያሉት ደህና ጥርሶች ይሞረዳሉ።

«ወራት?» ጮኹ ጎረቤቴ፣ ያን ሁሉ የአዝራር ስብከት ረስተው። «እኔ ሙሉ ልብስ በሁለት ቀን አስረክባለሁ! ድልድዩን አድርግላት!»

ዕድሜዬን ሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀን ግን፣ «ዝም በይ! መንጋጋው የእኔ ነው!» አልኩ። ሐኪሙ ራጁን ሊጥለው ምንም አልቀረውም። ተከላውን ራሴ መረጥኩ።

ብሎኑ በሚገባበት ዕለት ጎረቤቴ ተቀይመው ይቀራሉ ስል መተላለፊያው ወንበር ላይ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጅ ለእጅ ተያያዝን። ከወዲያኛው ክፍል አንዲት ነርስ ብቅ ብላ፣ «ቁጥር ዘጠኝ!» እያለች ሦስት ጊዜ ተጣራች። ማንም አልተነሳም።

«ምን ዓይነት ሰው ነው ቀጠሮ የሚያሳልፍ?» አልኩ።

«አንዳንዱ ሰው ኃላፊነት አይሰማውም» አሉ፣ እጄን ሳይለቁ።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ጥርሴ ተገጠመልኝና ላሳያቸው ሄድኩ። አፌን ሳልሸፍን ሳቅኩ። ሳቄ ግን መሃል ላይ ቀረ። መቀሳቸው ከሚሰቀልበት ምስማር ላይ የክሊኒኩ ካርድ ተንጠልጥሏል። ስማቸው፣ የእኔ ብሎን የገባበት ቀን፣ ቁጥር ዘጠኝ፣ «የተሰነጠቀ ጥርስ»። ለካ ያ ክር ሲበጥሱበት የኖሩት ጥርስ ተሰንጥቆ ኖሯል።

«አንቺ ሴትዮ! ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?»

«እጄን ይዘሽው እንዴት ልነሳ?» አሉና ክሩን በወዲያኛው ጥርሳቸው በጠሱ። «ደግሞ ይቺኛዋ ምንም አትል። እኔን ጠይቂኝ።»

ካርዱ ዛሬም እዚያው ምስማር ላይ ነው።