የኢንጂነር ኤግበርት ሁለት ተራሮች

ሐሳቡን ቆርጦ ካበቃ በኋላ ምክር የሚጠይቅ ሰው በየሕንፃው አይጠፋም። ሶፋውን ገዝቶ ሳሎን ካስገባ በኋላ "ቀለሙ ቢጫ ይሁን ሰማያዊ?" ብሎ የሚያማክራችሁን ሰው ታውቁታላችሁ። እኛ የሊንዝ ከተማ ሰዎች፣ በተለይም የአንዲት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነዋሪዎች፣ በዚህ ረገድ ከሌላው ሕዝብ በላይ ታድለናል። ክቡር ኢንጂነር ኤግበርት ሽታድልማየር አሉን።

ክቡርነታቸው ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ማዕረጋቸው ግን ጡረታ አልወጣም፤ የበራቸው መጥሪያ ላይ ሳይቀር "ኢንጂነር" ተብሎ ተጽፏል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድልድይ ሲለኩ ኖረዋል። በየዓመቱ የካቲት ላይ ከባለቤታቸው ጋር ለአንድ ሳምንት በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ወደ ተራራ ይወጣሉ። የት? ኦበርሊንግ ወይስ ዛልፈን? ጉዳዩ ኅዳር ላይ ይከፈታል፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይዘጋል፤ ውሳኔው ለሃያ አራት ዓመት ያው ኦበርሊንግ ነው።

እኔ የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤት ነኝና በገለልተኛ ዳኝነት እጠራለሁ። የፖም ጠጅ ይቀዳልኛል፣ የተቀቀለ ቋሊማ ከሰናፍጭ ጋር ይቀርብልኛል፣ ከዚያ አረንጓዴው ደብተር ይወጣል። በግራ ኦበርሊንግ፣ በቀኝ ዛልፈን። የበረዶው ጥልቀት፣ የቁልቁለቱ ርዝመት፣ ወደ ላይ በሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር በር ላይ የሚያሰልፈው ደቂቃ፣ የምሳው ሾርባ ሙቀት። የዛልፈንን ሄደው አያውቁምና በወሬ ይሞሉታል፤ የኦበርሊንግን ሾርባ ግን የሚለኩት ከኪሳቸው በማይለይ ቴርሞሜትር ነው። አንዴ አንዲት አስተናጋጅ ይህን አይታ "ሾርባው አሞታል እንዴ?" ብላ ወይዘሮዋን ጠይቃለች።

"ቁጥር ዘመድ አያውቅም" ይላሉ ኢንጂነር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። ይደምራሉ፣ ያካፍላሉ፣ ኦበርሊንግ ያሸንፋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሂልትሩድ ከሹራብ ሥራቸው ቀና ሳይሉ "ይገርማል" ይላሉ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ገርሟቸዋል።

ምስኪኑ ዛልፈን ምን እንዳጠፋ እንጃ። ሜዳማ ነው፤ ኢንጂነር "የሽማግሌና የውሻ መንደር" ይሉታል። በረዶ በጠፋበት ዓመት ኦበርሊንግ ላይ ከጠቆረው ሣር መሀል አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ቀርታ ሳለ ዛልፈን በረዶ ተርፎት ነበር። እሳቸው ግን "የኦበርሊንግ ድንጋይ በወግ የተደለደለ ነው" ብለው ለድንጋዩ ነጥብ ሰጡ። እኔንም አንድ ዓመት ይዘውኝ ሄዱ። እሳቸው ቁልቁለቱን በሰባት ደቂቃ ጨረሱት፤ እኔ ግማሹን በጀርባዬ፣ ሩቡን በሆዴ፣ የቀረውን በቁስለኛ መጎተቻ ተጭኜ ወረድኩ። እራት ላይ ደብተሩን ሳይ፣ ቁስለኛ ቶሎ ያነሳል ተብሎ ኦበርሊንግ ሁለት ነጥብ ተጨምሮለታል።

እውነቱን ለመናገር የሚስባቸው ተራራው ብቻ አይደለም። የኦበርሊንግ መንደር ለዓመታት ሳያሰልስ የሚመላለስን እንግዳ ያከብራል። በአሥረኛው ዓመት የነሐስ ዓርማ፣ በአሥራ አምስተኛው የብር፣ በሃያ አምስተኛው የወርቅ። የወርቁን የመንደሩ ከንቲባ ራሱ ነው ባርኔጣ ላይ የሚሰካው፤ የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ይነፋል፣ ፎቶ ይነሳል። የኢንጂነር አረንጓዴ ባርኔጣ ላይ ነሐሱና ብሩ ተሰክተዋል። ከጎናቸው ለወርቁ ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል፤ ምልክቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሃያ አምስተኛው ዓመት ዘንድሮ ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ የወይዘሮ ሂልትሩድ ጉልበት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሙ ሜዳ ለሜዳ ቀስ እያሉ መራመድ ይችላሉ፣ መንሸራተት ግን እስከ ወዲያኛው ቀርቷል አላቸው። ኦበርሊንግ ላይ ደግሞ የሚያርፉበት ቤት ራሱ አርባ ሦስት ደረጃ አለው፤ ደጁ ዳገት፣ ዳገቱ በረዶ። ወይዘሮዋ የሕንፃችን ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ክርናቸውን ያዝ አደረግኋቸው።

"ምንም እንዳትለው" አሉኝ። "ክፍሌ ውስጥ ሹራቤን እሠራለሁ፣ በመስኮት አየዋለሁ። ያቺን ወርቅ ያግኝ። ሃያ አምስት ዓመት ቀልድ አይደለም።"

አንድ ሳምንት ሙሉ በዚያ መስኮት ነገር ስበሳጭ ሰነበትኩ። ስብሰባው ሲጠራ ቋሊማውን ሳልነካ ልጣላ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ኢንጂነር ደብተሩን ገለጡ፣ መነጽራቸውን ሰቀሉ፣ ደመሩ፣ አካፈሉ።

"ዛልፈን" አሉ። "በሁለት ነጥብ።"

የወይዘሮዋ መርፌ ቆመ። "የሽማግሌና የውሻ መንደር ያልከው?"

"ቁጥር ዘመድ አያውቅም።"

"ወርቁስ፣ ኤግበርት?"

"ባርኔጣ ያከብዳል" አሉና ሰናፍጭ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሃያ አራት ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ቁጥር እንዲህ ሲገለበጥ ዳኛ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ደብተሩን ሳብ አደረግኩት። የኦበርሊንግ ሾርባ ሰባ አንድ ዲግሪ የነበረው ተሰርዞ ሃምሳ ስምንት ሆኗል። በተራራ ሾርባ የማይቀልዱ ሰው ሾርባውን በእርሳስ አቀዝቅዘውታል! ከሥሩ ደግሞ አዲስ መስመር ተሰምሯል፤ "የመንገድ ዳር መቀመጫ" ይላል። ኦበርሊንግ፦ ዜሮ። ዛልፈን፦ ሠላሳ አንድ። አንዱ ከሌላው የሚርቅበት እርምጃ ተቆጥሯል፣ የእግር መንገዱም ተስሏል። በዚያችው ጥቃቅን የድልድይ ለኪ ጽሕፈት "ሰባተኛው ይወዛወዛል፤ አሥራ ሁለተኛው እስከ ስምንት ሰዓት ፀሐይ አለው" ይላል። የጻፉበትን ቀን አየሁት። ጥርሴን ልታከም ነው ብለው ጠዋት ወጥተው ሲመሽ የተመለሱበት ማክሰኞ ነው።

ሰናፍጩ ከመምጣቱ በፊት ደብተሩን ወደ ቦታው መለስኩ። "ስሌቱ ልክ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "እንከን የለውም" አልኩ፤ በዳኝነት ዘመኔ በደስታ የዋሸሁት ያኔ ብቻ ነው። እኚህን ግትር ሽማግሌ እንደምወዳቸውም የገባኝ ያኔ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የምሄደው ለቋሊማው ይመስለኝ ነበር።

የካቲት ላይ ከወይዘሮ ሂልትሩድ ፖስት ካርድ ደረሰኝ። "በየወንበሩ ቁጭ እያልን በቀን ሁለት ሰዓት እንራመዳለን" ይላል። "ኤግበርት ስንት ደቂቃ እንዳረፍን ይመዘግባል፣ ሾርባውን ይሰድባል። አንዱን ወንበር ግን ገና ከሩቅ ሳለን 'እዚህ አትቀመጪ፣ ይወዛወዛል' ብሎ አሳለፈኝ። መጥቶበት በማያውቀው አገር ይህን እንዴት እንዳወቀ፣ አንተ ዳኛው ታውቅ ይሆን?"

እኔ ምኑን አውቃለሁ ብዬ ጻፍኩላቸው።