ሊቀ አፍንጫ ጋሽ አካሉ

የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ካስነጠሰህ "ይማርህ" የሚልህ አንድ ነው፤ "ሳይነስ ነው" የሚልህ አሥር። የሲግናል ሰፈሩን ጋሽ አካሉን የሚያህል ግን አልተፈጠረም። እሳቸው ሌላውን የሰውነት ክፍል ለተራ ሐኪሞች ትተው አፍንጫን ብቻ ይዘዋል።

ይህን ማዕረግ እንዴት እንዳገኙት ተከራያቸው ጌድዮን ያውቃል። አንድ ቀን ክሊኒክ ወረፋ ሲጠብቁ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአፍንጫ ሥዕል ሸመደዱት። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ምርመራውን ትተው ሐኪሙን ማረም ጀመሩ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ያገኙትን ሁሉ ያስተምራሉ። "አፍንጫ ቀዳዳ አይደለም፣ ቤት ነው! ከፊት ሁለት በር፣ ከኋላ ወደ ጉሮሮ የሚያስገባ ሁለት በር። መሐሉ ግድግዳ። ግራና ቀኝ አየሩን የሚያሞቁ ሦስት ሦስት መደርደሪያዎች። ዙሪያውን ደግሞ ጓዳ። ሳይነስ የምትሉት በሽታ ሳይሆን ጓዳው ነው!"

ራስህን አመመህ? ጓዳው ሞልቷል። ምግብ አልጣመህም? የላይኛው ፎቅ ተዘግቷል። ለቅሶ ቤት እንኳ አያርፉም። ደረቷን የምትደቃ ሴትዮ አፍንጫዋን ስትጠርግ አይተው፣ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ንፍጥ ብቻ አይደለም፣ እንባም አለበት፤ ከዓይን በቱቦ ወርዶ ከታችኛው መደርደሪያ ሥር ነው የሚወጣው" አሏት። ሴትዮዋ ልቅሶዋን አቁማ፣ ግራ ተጋብታ ታያቸው ጀመር። ጌድዮን የሚገባበት ጠፋው።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ሽማግሌ የሆኑለት። ጌድዮን እናትና አባቱን በልጅነቱ አጥቷል፤ የሚወዳትን ጊፍቲን ለማግባት ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ይዞ ሲ.ኤም.ሲ፣ ወላጆቿ ቤት መቅረብ ነበረበት። አባቷ አቶ ኢታና የጸሎት ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ለማያምን ሰው እንደማይሰጡ አስቀድመው ተናግረዋል። ጌድዮን በዚህ አይታማም። ችግሩ የዚያን ቀን የያዘው ጉንፋን ነው። ጋሽ አካሉ ከእንጦጦ ባስመጡት ባሕር ዛፍ አጥነውት አፍንጫው ተከፍቶለት ነበር፤ መስኮቱ የማይዘጋ ታክሲ ውስጥ ሲገቡ መልሶ ድፍን አለ።

"ልጄ፣ ብዙ አልጠይቅህም" አሉ አቶ ኢታና። "በጌታ አምነሃል?"

"አብጃለሁ" አለ ጌድዮን፣ በሙሉ ልቡ።

አቶ ኢታና ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ምን አልክ?"

"ከልጅደቴ ጀብሮ አብጃለሁ!"

የጊፍቲ እናት ወይዘሮ ታደለች የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። "እናትህስ?" አሉ በፍርሃት።

"እሷብ አብዳ ደው ያረፈችው።"

ጌድዮን ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ለራሱ ጆሮ "አምኛለሁ" ነው የሚለው። ጊፍቲ ለምን ፊቷን ሸፈነች? አቶ ኢታና ለምን በሩን በሩን ያያሉ? የሚወዳት ልጅ ልታመልጠው ነው፤ በምን ምክንያት እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

ይሄኔ ጋሽ አካሉ ብድግ አሉ። ጌድዮን "ጌታ ሆይ፣ ዛሬ እንኳ አፍንጫውን ይተዉት" ብሎ ጸለየ።

"አቶ ኢታና፣ አፍንጫ ቤት ነው" ብለው ጀመሩ። "'ም'፣ 'ን' እና 'ኝ' በአፍ አይወጡም። አፍ ሲዘጋባቸው በኋላ በር ገብተው በፊት በር ነው የሚወጡት። ቤቱ ሲደፈን 'ም' 'ብ' ትሆናለች፣ 'ን' 'ድ'፣ 'ኝ' ደግሞ 'ጅ'። ካላመኑኝ አፍንጫዎን ይያዙና 'አምኛለሁ' ይበሉ።"

አቶ ኢታና አመነቱ። ከዚያ አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ያዙ።

"አብጃለሁ" አሉ። ደነገጡና ደገሙት። ወይዘሮ ታደለችም ሞከሩ፤ ጊፍቲም ሞከረች። ቤተሰቡ በሙሉ አፍንጫውን ይዞ ማበዱን መሰከረ።

ሳቁ ሲበርድ አቶ ኢታና ወደ ጋሽ አካሉ ጠቆም አድርገው፣ "ለመሆኑ እኚህ ሰው ምንህ ናቸው?" አሉ።

ጌድዮን "አከራዬ" ሊል ነበር። ስንቴ ሸሽቷቸዋል፤ ስንቴ ኮቴያቸውን ሰምቶ መብራት አጥፍቷል። አሁን ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያለውን በትክክል የሰሙለት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"አባቴ" አለ።

"ም" የለበት፣ "ን" የለበት፤ ጥርት ብሎ ወጣ። ጋሽ አካሉ መሐረብ አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ።