ጉዮ የጨረሰልን ፊልም

የድሮ ፊልም ተቺ ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ሞያሌ ኑና ጉዮን ላሳያችሁ። ለእሱ ከካሴት ዘመን ወዲህ የሚያስፈራ ፊልም አልተሠራም።

ልጆች ሳለን ማንያታ ሰፈር በነበረው የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት የጄኔሬተሩ ቤንዚን ሁልጊዜ ከፊልሙ ቀድሞ ያልቅ ነበር። መጨረሻውን በጨለማ የሚነግረን ጉዮ ነው። «ባለቤቱ አጎቴ ነው፣ ቀን አይቼዋለሁ» ይላል። አንዱን ከመቃብር የወጣ አውሬ እንዲያውም የሎሪ ሹፌር ፊት አልብሶ፣ ከብት አስጭኖ ሞያሌ አስገባብን። ታዲያ ማን ደፍሮ ይጠራጠር?

ባለፈው ሳምንት ያንኑ ፊልም ስልኬ ላይ አገኘሁትና ሱቄ ደጃፍ ከፈትኩለት። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። የጉዮ የዕድሜ ልክ ዝና በእኔ ስልክ ላይ ተንጠለጠለ። በመጨረሻው አውሬው ተቃጠለ፣ ሰዎቹ ተቃቀፉ፣ አለቀ።

«እህስ ጉዮ፣ ሎሪው የታለ?» አልኩት።

ስልኩን ገልብጦ ጀርባውን አየና በሐዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «ፖሌ፣ አይዞህ ወንድሜ! ቆርጠው ነው የሸጡልህ።»

ሰው ሁሉ በእኔ ሳቀ። የባሰው ደግሞ ሲመሻሽ ሱቄን ዘግቼ ስሄድ መጣ። አንድ የከብት ሎሪ አጠገቤ ቆመና ሹፌሩ መንገድ ሊጠይቀኝ አንገቱን አወጣ። ፊቱን ሳላይ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሮጥኩ።