ራሰ በራውን ሳልዘርር አላገባም

ውጭ በግ፣ ጌም ቤት ውስጥ አንበሳ የሚሆን ወንድ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ እጮኛዬ ነው። ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቦታውን ሲቀሙት «ይቅርታ» የሚለው እሱ ነው። ቀራንዮ ጌም ቤት ሲገባ ግን በአንድ የጥንት የቦክስ ጌም መጨረሻ ላይ ከሚመጣው ራሰ በራ ቦክሰኛ ጋር ደም ተቃብቷል። እሱን ሳይዘርር ወደ አባቴ ሽማግሌ ላይልክ ምሏል። ለመድኃኔዓለምም ጥላ ተስሏል! መድኃኔዓለም ምን ይበል እንግዲህ?

በተሸነፈ ቁጥር ጥፋቱ የጆይስቲኩ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ትዕግስቴ አለቀና ነጠቅኩት። ራሰ በራው ሊመታ ሲል ትከሻውን ከፍ እንደሚያደርግ እጮኛዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ትከሻው ከፍ ሲል ጎንበስ አልኩና አገጩ ላይ ቡጢ አቀመስኩት። ተዘረረ። ጌም ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«በቃ፣ ወደቀልህ። ሽማግሌ ላክ» አልኩት።

«እኔ መቼ ጣልኩት? የጣልሽው አንቺ!» አለና ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሳ። «መጀመሪያ አንቺን ላሸንፍ፤ ከዚያ እልካለሁ።»

አባቴ እሁድ በመጣ ቁጥር ኮቱን ለብሶ ሽማግሌ ይጠብቃል። አሳዘነኝና ለእጮኛዬ ልሸነፍለት ወሰንኩ። ግን ገና አንዴ ሲመታኝ እልህ ያዘኝና ዘረርኩት።