ወይዘሮ አልታየችና ቁጥር 114

መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ቢያጣ ይከርማል፤ «በጽሑፍ ይስጡኝ» ባይ ግን አያጣም። በደርግ ዘመን ደብረ ብርሃን ዳር ለነበረችው ምንጣፍ መሥሪያ የደረሰቻት ክብርት ወይዘሮ አልታየች ነበረች።

መከራው የመዝገብ ቤቱ የኪዳነ ማርያም ነው። ምንጣፍ ሠሪዋ አልታየች ፈቃድ ስትጠይቅ በጽሑፍ፣ ስትከለከልም በጽሑፍ። ዘበኛው «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ግቢ» ቢላት እንኳ «በጽሑፍ ስጠኝ» ብላዋለች ይባላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ትላለች። ኪዳነ ማርያም ቁጥር ሲሰጥ፣ ማኅተም ሲመታ ክንዱ ዝሎ፣ «ከዚች ሴት ገላግለኝ» ብሎ ለሥላሴ ተስሏል።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ዘርአ ዳዊት ደግሞ ሴት ሠራተኛ ባየ ቁጥር እጁ አያርፍም። አንድ አርብ የአልታየችን ትከሻ ይዞ፣ «ነገ ቤቴ ብቅ በይ፣ ብቻሽን» አላት።

«ጓድ፣ በጽሑፍ ይስጡኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። ጓድ ዘርአ ዳዊት ግን ስብሰባና ሰርኩላር ያሳደገው ነውና እሺታ መሰለው፤ ጻፈ። «ለጓድ አልታየች፦ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በመኖሪያ ቤቴ ብቻሽን እንድትገኚ በጥብቅ አሳስባለሁ። ኢትዮጵያ ትቅደም!» ኪዳነ ማርያም አንብቦ አፈረ። እንጀራው ሆኖበት ግን ቁጥር 114 ብሎ ማኅተሙን መታ።

አልሄደችም። ሰኞ በቁጥር 115፣ «በስንፍናሽ ምክንያት» ተብላ ወደ ሱፍ አጠባ ተዛወረች። የደብረ ብርሃን ውሃ በኅዳር ጣት ይቆርጣል። ሁለቱን ደብዳቤዎች ይዛ ወደ ምንጣፏ እንድትመለስ ፍርድ ቤት አቤት አለች።

ችሎት ላይ ጓዱ፣ «114 የሚባል ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ ፎርጅድ ነው!» አለ። ዳኛው መዝገብ ቤቱን አስጠሩ።

ኪዳነ ማርያም መዝገቡን ታቅፎ ገባ። አለቃው አፈጠጠበት፤ ስድስት ልጆቹ ትዝ አሉት። ቀና ሲል ውሃ ያሳበጠውን የአልታየችን እጅ አየ። መዝገቡን ገለጠው።

«አርብ 114፣ ሰኞ 115። በእጄ ነው የመዘገብኩት፣ ጌታዬ። በመሃሉ ሌላ ደብዳቤ አልወጣም።»

ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጓድ፣ አርብ ቤትዎ የጠሯት ሴት ሰኞ ጠዋት ሰነፍ መሆኗን መቼ አረጋገጡ?» አሉ።

 

«አልታየች ወደ ምንጣፍ ሥራዋ ትመለስ» ተብሎ ሲነበብ ከኋላ ወንበር ረጅም እልልታ ቀለጠ። ዳኛው ጠረጴዛቸውን መቱ።

«ማናት እሷ?»

ሊሰሙ የመጡት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩ። ኪዳነ ማርያም ጢሙን እየዳበሰ ተነሣ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»