የጋሽ ላቀው አጥንት

አዲስ አበባ ውስጥ ቱቦው ያልተደፈነ ሰፈር ይገኝ ይሆናል፤ ሁሉን አዋቂ የሌለበት ሰፈር ግን አይገኝም። ለእኛ ለለቡ መብራት ኃይል ሰዎች የደረሱን ክቡር ጋሽ ላቀው ናቸው። የጎረቤታችን የደምሰው መኪና አልነሳ ሲል፣ "ባትሪው ነው፣ እኔን ጠይቁኝ!" አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ያለቀው ነዳጅ ነበር።

ባለፈው ሰኔ፣ ክረምቱ ሳይብስ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ወንዝ ልንጠርግ ወጣን። ጎርፉ ሳሎን ድረስ ለሚገባብን ለእኛ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ገና ከመጀመራችን ደምሰው በአካፋው ክንድ የሚያክል አጥንት ከጭቃው አወጣና ደንግጦ ዳር ላይ ጣለው።

"እንዳትነኩት!" ብለው ጮኹ ጋሽ ላቀው። "የሰው ጭን ነው!"

"ጋሽዬ፣ የከብት ይመስላል እኮ" አልኩ።

"አንተ ስንት የሰው አጥንት አይተሃል?"

መልሴን ሳይጠብቁ ፖሊስ ጋ ደወሉ። "እስክንደርስ ምንም እንዳትነኩ" ተባለ፤ ሥራው ቆመ፤ ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ከሰዓት ዝናቡ ወረደ፤ ውሃውም ሰተት ብሎ ሳሎኔ ገባ። ምንጣፌን እየጨመቅሁ ስረግማቸው ቆየሁና፣ ዛሬስ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ወንዙ ዳር ቆመዋል። ጃንጥላቸውን አጥንቱ ላይ ዘርግተው እሳቸው ይበሰብሳሉ።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"የሆነ ቤት እናቱ እየጠበቀችው ይሆናል" አሉ ቀስ ብለው። "እንዴት ብቻውን ጥዬው ልሂድ?"

አጠገባቸው ቆምኩ።

አመሻሽ ላይ ፖሊሱ ደረሰ። የእንስሳት ሐኪሟ ጎረቤታችን ዶክተር ሲሃምም ከሥራ ስትመለስ አይታን መጣች። ጎንበስ ብላ አገላብጣ አየችው።

"የላም ነው፣ ጋሽዬ። የኋላ እግር።"

ጋሽ ላቀው ዓይናቸውን ጨፍነው "ተመስገን!" አሉ። ከልባቸው ነበር። ወዲያው ግን ወደ እኔ ዞሩ። "እኔማ ከብት ሳይሆን እንደማይቀር ጠርጥሬ ነበር!"

ምንጣፌ እስካሁን በደንብ አልደረቀም፤ እኔም እንደተናደድኩ ነኝ። ግን አንድ ቀን ከቤት ወጥቼ ብቀር፣ የሚፈልጉኝ ጋሽ ላቀው ቢሆኑ ደስ ይለኛል። የበግ አጥንት አንስተው "እሱ ነው!" ብለው እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ። ዝናብ ላይ ጥለውኝ ግን አይሄዱም።