ሙሽራ የሚፈተሽበት ቀለም

ሥራን ለባዕድ ማስረዳት ቀላል ነው፤ መከራው ለዘመድ ማስረዳቱ ነው። ባዕድ ካልገባው ዝም ይላል። ዘመድ ካልገባው ግን ከራሱ ጨምሮበት ለአገር ያዳርሰዋል።

እኔ አዲስ አበባ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቀለም እሠራለሁ። የግድግዳ ቀለም እንዳይመስላችሁ። የታመመ ሥጋ ውስጥ አንዳንድ ኢንዛይሞች ከልካቸው በላይ ይሠራሉ፤ የእኔ ቀለም ጨልሞ ይቆይና እንዲህ ያለው ኢንዛይም ሲቆርጠው በልዩ መብራት ሥር ቦግ ይላል። ሕመሙ የቱ ጋ እንዳለ በዚያ እናያለን። የምንሞክረው ለምርመራ በተወሰደ ቁራጭ ሥጋ ላይ ነው፤ ሰው አይጠጣውም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር መካነ ሰላም ላሉት አጎቴ፣ ለጋሽ ሰይድ፣ ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ለአረፋ አገር ቤት በገባሁ ሰሞን ከደጎሎ ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው ከሪያድ የተመለሰ ባለሱቅ ነው። እኔ ደግሞ (እዚህ ላይ ፊቴን ልሸፍን) ለዓመታት ለማንም ሳልተነፍስ የምወደው ሌላ ሰው ነበረኝ፤ የከተማችን የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ይማም። እሱ ራሱ አያውቅም። «ይህን ሰውዬ አላገባም» ልል ስል አጎቴ ቀደሙኝ።

ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወላሂ ደስ ይለናል። ግን ልጃችን ቀለም ሠርታለች፤ የታመመ ሰው ከጠጣው ይበራል። ሙሽራው ይጠጣና እንየው።»

«የትኛውን በሽታ ነው የሚያሳይ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ሁሉንም! የውሸቱንም፣ የስስቱንም!»

ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ። ማረም ነበረብኝ፤ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። እነሱም እውነት ነው ማለቷ ነው ብለው ሄዱ። በዚያው ቀሩ።

ወሬው ወረኢሉ ደረሰ። ወንድ ሁሉ ሸሸኝ። እሰየው አልኩ፤ ግን ይማምም ቢሸሽስ?

ከሳምንት በኋላ የይማም ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ፤ ለካ እሱም እየወደደኝ ለመናገር ሲፈራ ኖሯል። እሱንም ይዘውት መጥተዋል። «ይጠጣል» አሉ።

«አምጪው እንጂ!» አሉኝ ጋሽ ሰይድ።

ከየት ላምጣ? ጓዳ ገብቼ ብርዝ ቀዳሁ። ማርና ውኃ ብቻ! ጋሽ ሰይድ እስከ ዛሬ አያውቁም፤ አደራ።

ይማም ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ መብራት ሄደ። የከተማው ሁሉ።

ሁሉም ይማም ወደተቀመጠበት አፍጥጦ ጠበቀ። ድቅድቅ ጨለማ።

«አልበራም!» አሉ ጋሽ ሰይድ። «አልሐምዱሊላህ፣ ንጹሕ ነው!» እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከሠርጉ በኋላ ባሌን ጠየቅሁት። «ብርዝ መሆኑን አላወቅህም?»

«አወቅሁ እንጂ። ማሩም ጥሩ ነበር።»

«ታዲያ በጨለማ የጃኬትህን ዚፕ እስከ አንገትህ ምን አስቆለፈህ? ሰምቼሃለሁ።»



«ብበራስ! እኔ እኮ የማስተምረው እስከ አሥረኛ ክፍል ብቻ ነው» አለኝ።